ጥላውም ብሩም ጣና ዳር ይቅር

ባሕር ዳር በዓመት ሁለት ጊዜ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ታጣለች። አንዱ ሚያዝያ 12 ገደማ ነው፤ ሌላው የፍልሰታ ጾም በሚፈታበት በነሐሴ 16 አካባቢ። በእነዚህ ቀናት ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ የመብራት እንጨት ጥላው እግሩ ሥር ይገባል፤ ፀሐይ አናት ላይ ናት። የነሐሴውን የክረምቱ ደመና ይሸፍነዋል። የሚያዝያውን ግን የሚሸፍነው የለም፤ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለሚውል ሰውማ ጭራሽ።

ከተማዋን በዚህ ወቅት ማየት የፈለግሁት ስለ ቤት እያሰብኩ ስለነበር ነው። ባሕር ዳር በየዓመቱ ትሰፋለች፤ በየሰፈሩ የብሎኬት ክምርና የታሰረ ፌሮ ይታያል። ሰው ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን አፍስሶ የሠራው ቤት፣ ከተሠራ በኋላ ደግሞ ቀን በሙቀት ሌሊት በብርድ ያስጨንቀዋል፤ በማገዶና በመብራት ሒሳብ ያስከፍለዋል። ስለዚህ በየደረስኩበት ሁለት ነገር እጠይቅ ነበር። ቤቱ ሲሠራ የወጣው ብር ማን እጅ ገባ? ከተሠራ በኋላስ ለመኖር ምን ያህል ያስወጣል? ጥያቄዎቹ ለየቅል ይመስላሉ፤ በጣና ዙሪያ ስዞር ግን መልሳቸው አንድ ሆኖ አገኘሁት።

የዛሬዋ ባሕር ዳር ሰፋፊ ጎዳናዎች የተወጠኑት በ1950ዎቹ፣ ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ማክስ ጉተር ባዘጋጁት ማስተር ፕላን ነው። በዘንባባ የታጀቡት መንገዶች ላይ ከሰዓት በኋላ የሚሄድ ሰው የሐይቁ ነፋስ ፊቱን ይዳስሰዋል። ቀን ቀን ምድሩ ከውኃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማዋ፣ ማለትም ከሰሜን ወደ ደቡብ ይመጣል፤ ሌሊት ይገለበጣል። መስኮቱን በሰሜንና በደቡብ የከፈተ ቤት እንግዲህ ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ ቀንም ሌሊትም አየር ያገኛል። በምሥራቅና በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳ ደግሞ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትመታው አጠር ብሎ፣ መስኮት ሳይበዛበት ቢሠራ ይሻላል። በትልልቁ መንገድ ዳር የሚነሡት ሕንፃዎች ግን ፊታቸውን የሚያዞሩት መንገዱ ወዳለበት ነው። መንገዱ በምዕራብ በኩል ካለ መስታወቱም ወደ ምዕራብ ይዞራል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትገባ መጋረጃ ይወርዳል፤ መጋረጃው ሲወርድ ክፍሉ ይጨልማልና አምፖል ይበራል፤ ቬንቲሌተሩም አብሮ ይነሣል። በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርቶ መሥራት በእነዚህ ሕንፃዎች ውስጥ የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል።

እዚያው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር አንዲት እናት በግቢያቸው ሁለት ቤት አላቸው። የጭቃው ቤት ድሮ ከባለቤታቸው ጋር ያቆሙት ነው፤ የብሎኬቱ ደግሞ ልጃቸው ለኪራይ የሠራው ነው። እኩለ ቀን ላይ ነበር የደረስኩት።

"ግባ ልጄ፣ ፀሐይ ላይ አትቁም" ብለው ወደ ጭቃው ቤት አስገቡኝ።

መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ፤ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ውፍረቱ ከስንዝር ያልፋል። የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ላይ፣ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተ ቀይ አፈር ተመርጎበታል። በቆርቆሮው ሥር የቀርከሃ ኮርኒስ ተወጥሯል፤ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ቀርቷል። ቡናው እስኪፈላ ወደ ብሎኬቱ ቤት ወሰዱኝና አንዱን ክፍል ከፈቱት። ትኩስ አየር ፊቴን መታኝ። ኮርኒስ የለውም፤ ቆርቆሮው ከላይ ይንጣጣል።

"እማማ፣ ተከራዮቹ ቀን ቀን የት ይውላሉ?"

"የት ይሄዳሉ፣ ሥራ የሌላቸው እዚሁ ማንጎው ሥር ነው የሚውሉት። ሌሊት ደግሞ በረደን ይላሉ።"

ተከራዮቹ እውነታቸውን ነው። ቆርቆሮ ሙቀትን ወዲያው ተቀብሎ ወዲያው ያሳልፋል፤ ሌሊትም ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሙቀት እንደዚያው አውጥቶ ለሰማይ ይለቃል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ እያለ ይጠጣል፤ ለሰዓታትም ያቆየዋል፤ ወደ ውስጥ የሚያደርሰው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ብርዱ ሲጀምር ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በበጋ የቀኑና የሌሊቱ አየር በጣም ይራራቃል። የጭቃ ግድግዳ ጥቅሙ የሚጎላው እንዲህ ባለ አገር ነው። የብሎኬቱ ክፍል ዋና ችግር ግን ከብሎኬቱ ይልቅ ከጣሪያው ነው። የቀርከሃ ኮርኒስ ቢወጠርለትና ጣሪያው ሥር ማናፈሻ ቢተውለት የቀኑ ስቃይ በብዙ ይቀል ነበር። ይህ ቀርከሃ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ የአዊ ደጋዎች ያበቅሉታል፣ በእንጅባራ መንገድ ዳር ወጣቶች ሰንጥቀው ይሠሩታል።

ብሩንም እንከተለው። ለብሎኬቱ ቤት አሸዋውና ጠጠሩ ከአካባቢው መጥቷል፤ ብሎኬቱንም ያመረቱት በማኅበር የተደራጁ የከተማዋ ወጣቶች ናቸው። ይህ መልካም ነው፤ ሊናቅም አይገባም። ትልቁን ብር የሚወስዱት ግን ሲሚንቶው፣ ፌሮውና ቆርቆሮው ናቸው። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ 1,450 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ተቃጥሎ ነው፤ በዓለም ላይ ከሚለቀቀው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ምርት እንደሚመጣ ይገመታል። ፋብሪካዎቹ በአብዛኛው ከአባይ ማዶ ስለሆኑ ከረጢቱ በከባድ መኪና የአባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሲሚንቶ ዋጋ ሰማይ ሲነካ፣ የጀመሩትን ቤት በግማሽ ያቆሙ ሰዎች በየከተማው ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. መባቻ በሰሜን ሸዋ የለሚ ብሔራዊ ሲሚንቶ ፋብሪካ ሥራ መጀመሩ ትልቅ እፎይታ ነው። ያም ሆኖ መንገድ በተዘጋ፣ ነዳጅ በተወደደ ቁጥር ጣና ዳር ያለ ግንበኛ ሥራ ይፈታል። የጭቃው ቤት ብር የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። ለባሕር ዛፍ ሻጩ ገበሬ፣ ለአናጢው፣ ጭቃ ለሚያቦካው የቀን ሠራተኛ፣ ለቀርከሃ ሠሪው ነው የደረሰው። እነዚህ ሰዎች ብሩን የሚያጠፉት እዚያው ገበያ፣ እዚያው ወፍጮ ቤት ነው።

ወደ ዜጌ ልሳነ ምድር የሚወስደው ጀልባ ከባሕር ዳር ሲነሣ፣ በተቃራኒው ከዜጌ የሚመጡ የደንገል ታንኳዎች ይተላለፉታል። አንዳንዶቹ እስከ አፋቸው እንጨት ተጭነዋል። ቀዛፊው ከጭነቱ ኋላ ቆሞ በረጅም ዘንግ ውኃውን እየገፋ ይሄዳል። ዜጌ የቡና አገር ናት፤ በጻድቁ አባ በትረ ማርያም ቃል ማረስና ከብት ማርባት የተከለከለባት ምድር እንደሆነች ይነገራል። ኑሮዋ ከቡናው፣ ከጌሾውና ከፍራፍሬው ነው፤ ሲቸግር ደግሞ ከደኑ። ባሕር ዳር ባሉ ማድ ቤቶች ውስጥ ሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እንጨት አንዳንዱ፣ ከእነዚህ ታንኳዎች ላይ የሚወርድ የዜጌ ዛፍ ነው።

ዜጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ደርሼ ጫማዬን አውልቄ ስገባ መጀመሪያ የተሰማኝ ቅዝቃዜው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። ሾጣጣው ጣሪያ ከግድግዳው አልፎ በዙሪያው በቆሙ ምሰሶዎች ላይ ያርፋል፤ በዚህም ምክንያት ቤቱን የሚከብ ጥላ ያለው መተላለፊያ አለ። ዝናቡ ከግድግዳው ርቆ ይወርዳል፤ ፀሐይዋም ግድግዳው ላይ ቀጥታ አታርፍም። ግድግዳው እንጨት፣ ጭቃና ጭድ ነው። ከዚያ በኋላ ቅኔ ማኅሌቱ፣ በመሐል መቅደሱ። የመቅደሱን ዙሪያ የሚሸፍኑት ሥዕሎች ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ጎብኚ ሁሉ ቀለማቸውን አይቶ ይደነቃል። እኔ ያየሁት ከቀለሙ ኋላ ያለውን ነው። ጨርቅ በረጠበ ግድግዳ ላይ አይቆይም። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ሥዕል በጭቃ ግድግዳ ላይ እንዲህ ቀለሙ ሳይደበዝዝ ካለ፣ ግድግዳው በእነዚያ ሁሉ ክረምቶች ደረቅ ነበር ማለት ነው። ጭቃ ዘላቂ አይደለም ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም። ምስጢሩ ሰፊው ጣሪያ፣ ከመሬት ከፍ ያለው መሠረትና ያልተቋረጠው ጥገና ነው።

ደኑን ወደሚበላው እሳት ልመለስ። በኢትዮጵያ ቤተሰቦች ከሚጠቀሙበት ኃይል ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው አሁንም ከእንጨት፣ ከከሰልና ከኩበት የሚገኝ ነው፤ ከዚህም ውስጥ እንጀራ መጋገር ከፍተኛውን ድርሻ ይይዛል። በ1980ዎቹ በአገር ልጆች ተቀርጾ የወጣው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። አሠራሩ ቀላል ነው። ከሲሚንቶና ከቀይ አሸዋ በቅርጽ ማውጫ ይመታል፤ ክፍሎቹ ምጣዱን ከበው ይገጣጠማሉ፤ እሳቱ በአንድ በር ይገባል፤ የተረፈው ሙቀት ከኋላ ወጥቶ ድስት ያሞቃል። የሚመረተውም በትልቅ ፋብሪካ ሳይሆን በየከተማው ባሉ አነስተኛ አምራቾች ነው፤ ከእነሱም መካከል ሴቶች አሉ። አንድ ምድጃ ሲሸጥ አምራቿ ትጠቀማለች፤ ገዢዋ ማገዶ ታተርፋለች፤ ጭሱ ስለሚቀንስ ዓይኗም ሳንባዋም ያርፋል፤ ዜጌ ላይ አንድ ዛፍ ይቆማል። ቤት ስንል ግድግዳውንና ጣሪያውን ብቻ አስበን ማድ ቤቱን ከረሳነው፣ ኃይሉ በብዛት የሚባክንበትን ክፍል ረሳነው ማለት ነው። ኮንዶሚኒየም የገባችው እናት ደግሞ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት የሚፈጅ የኤሌክትሪክ ምጣድ አላት፤ ሰፈሩ ሁሉ ባንድ ጠዋት ሲጋግር መብራት የሚጠፋውም ለዚህ ነው።

በምሥራቁ የሐይቁ ዳር መንገዱ በፎገራ ሜዳ ያልፋል። ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያዎቹ ጓሮ የገለባ ክምር ይታያል፤ ለማገዶም ሆነ ለጡብ መተኮሻ ሊውል የሚችል ሀብት ነው። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ጥቂት ሄዶ፣ ከባሕር ዳር 70 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ አውራ አምባ ትገኛለች። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ይህ ማኅበረሰብ በወንድና በሴት እኩልነቱ፣ በሥራ አክባሪነቱ የታወቀ ነው። የእርሻ መሬቱ ጠባብ ስለሆነ ኑሮውን በሽመና፣ በወፍጮና በንግድ አቁሟል። እዚያ ያየኋቸው ቤቶች የጭቃ ናቸው፤ ግን የድህነት መልክ የላቸውም። መቀመጫውና የዕቃ መደርደሪያው ከጭቃ ተሠርቶ፣ ተለስኖና ተወልውሎ ከግድግዳው ጋር ወጥ ሆኗል። ምድጃው ዙሪያውን የተዘጋ ነው፤ ጭሱ በጭስ ማውጫ ወደ ውጭ ይወጣል። ጣሪያውን ሳይ ጥቀርሻ አልነበረበትም። ያስጎበኘችኝ ወጣት ስለ ምድጃው ስታስረዳኝ የተናገረችው በልቤ ቀርቷል፦ "እንጨቱን የሚፈልጠው ወንዱም ሴቷም ስለሆነ፣ ማገዶ መቆጠብ የሁላችንም ጉዳይ ነው።" ኃይል ቆጣቢ ቤት የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይገባኛል። እንጨት የመሸከሙ ድካም በአንድ ወገን ላይ ብቻ ሲወድቅ፣ ሌላው ወገን ቁጠባው አይታየውም።

ከወረታ ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ደግሞ ሊቦ ከምከም ወረዳ ይደርሳል። በዚህ ወረዳ ባለችው ቡራ ቀበሌ፣ የስዊዘርላንዱ የኢቲኤች ዙሪክ ፕሮፌሰር ፍራንዝ ኦስዋልድና ባልደረቦቻቸው ከኢትዮጵያውያን አርክቴክቶችና ከክልሉ መንግሥት ጋር ሆነው፣ ራሷን የምትችል አዲስ የገጠር ከተማ ሞዴል ሲያስቡና ሲሞክሩ ቆይተዋል። ቡራኔስት ይባላል። ሐሳቡ ገበሬው ከተማ ፍለጋ መሬቱን ጥሎ እንዳይሰደድ፣ ከተማዋ ወደ እሱ ትምጣ የሚል ነው። በዕቅዱ ውስጥ በጣም የሳበኝ የዝናብ ውኃ ቤቱ ነው። ቤተሰቦች በአንድ ሰፊ የጋራ ጣሪያ ሥር ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ጣሪያው የክረምቱን ዝናብ ሰብስቦ ወደ ማጠራቀሚያ ያወርዳል፤ ግንባታው በአካባቢ ዕቃና በነዋሪው እጅ ነው።

ሒሳቡን ባሕር ዳር ላይ እንሥራው። በዓመት የሚዘንበው ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የሚወርድ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። እንግዲህ 50 ካሬ ሜትር የሆነ አነስተኛ ጣሪያ በዓመት እስከ 70,000 ሊትር ይቀበላል። ግማሹ እንኳ ቢያዝ፣ ጥር ላይ ጎመን ለሚያጠጣ፣ ልብስ ለሚያጥብ ቤተሰብ ብዙ ነው። በየግቢያችን የምናየው ግን ይህ ውኃ በአሸንዳ ወርዶ፣ አጥሩን አልፎ፣ ቦይ ሲሞላና መንገድ ሲሸረሽር ነው። ቆርቆሮ ከተወቀሰበት ሙቀት ባሻገር ይህን አንድ ትልቅ በጎነት ይዞልናል፤ ንጹሕ ውኃ ይሰበስባል። ስለዚህ ቆርቆሮውን ከመጣል ይልቅ ኮርኒስና ማጠራቀሚያ መጨመር ብልህነት ነው።

በዚህ መንገድ ያሰበ ሌላ አፍሪካዊ አለ። የቡርኪና ፋሶው አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ በተወለደበት በጋንዶ መንደር እ.ኤ.አ. በ2001 የሠራው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግድግዳው ከአካባቢው አፈር ነው፤ ቆርቆሮው ከኮርኒሱ ከፍ ተደርጎ ስለተነሣ ነፋስ በመሐል ያልፋል፤ ክፍሉ ያለ ኤሌክትሪክ ይቀዘቅዛል። ጡቡን የመቱት፣ ወለሉን የደለደሉት የመንደሩ ሰዎች ናቸው፤ በዚያ ሥራ የሠለጠኑትም በኋላ ሌላ ቦታ ለሙያቸው ተፈልገዋል። ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2022 የፕሪትዝከር ሽልማትን ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። የዓለም ትልቁ የሥነ ሕንፃ ክብር ለጭቃና ለመንደር ሰው እጅ ተሰጠ ማለት ነው። ሽምብጥ ያየሁት ከኮርኒስ በላይ የተተወ ክፍተት የዚያው ብልሃት ነው፤ የተሠራውም ሽልማት በማያውቅ አናጢ እጅ ነው።

ጭቃን የሚጠሉ ሰዎች ምክንያት የላቸውም አልልም። ምስጥ እንጨቱን ይበላል። ዝናብ ከመሬት እየረጨ የግድግዳውን እግር ይሸረሽራል። በዋልካ አፈር የተመረገ ግድግዳ ክረምት አብጦ በጋ ይሰነጠቃል። በየዓመቱ መመረግ አለበት፤ በከተማ ደግሞ ደቦ የሚጠራ ጎረቤት የለም። ከሁሉ በላይ ጭቃ ቤት የድሃ ምልክት ተደርጎ ስለሚታይ፣ ልጁን የሚድር አባት የሚያልመው ብሎኬት ነው። እነዚህ ችግሮች መልስ አላቸው። ባሕር ዳር የተቀመጠችው በጥቁር ድንጋይ ላይ ነው፤ ወጣቶቿ ያንኑ ድንጋይ ጠርበው ኮብልስቶን አንጥፈውበታል። ከዚሁ ድንጋይ ጉልበት ድረስ የሚደርስ መሠረት ቢሠራ ምስጡም የሚረጨው ዝናብም ይራቃል። ቀይ አፈር ላይ ጥቂት ሲሚንቶ ወይም ኖራ ጨምሮ በእጅ መጭመቂያ የሚመታ የአፈር ጡብ እሳት አይፈልግም፤ ለባለ አንድ ፎቅ ቤት የሚበቃ ጥንካሬም አለው። ለባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ኮንክሪት ያስፈልጋል፤ እዚያ ይዋል። ለቤተሰብ መኖሪያ ግን የግድ አይደለም።

ከዚህ ጉዞ የያዝኩት እምነት ግልጽ ነው። ማገዶና መብራት የሚያስቆጥብ ቤትና ለአካባቢው ሰው እንጀራ የሚሆን ቤት አንድ ቤት ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም የሚሠሩት በቅርብ ካለው አፈር፣ ድንጋይ፣ ቀርከሃና እጅ ነው። ከፊሉን ነገ መጀመር ይቻላል። መስኮትን ወደ ሐይቁ ነፋስ ማዞር፣ የጣሪያን ክፈፍ ማርዘም፣ ኮርኒስ መወጠር፣ ምርጥ ምድጃ መትከል ባለቤቱ ራሱ የሚጀምራቸው ናቸው። ሌላው የመንግሥትና የተቋማት ድርሻ ነው። የከተማው አስተዳደር የድንጋይ መሠረት ላለው የአፈር ጡብ ቤት መደበኛ ዲዛይን አውጥቶ ያጽድቅ። በ1955 ዓ.ም. በተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ላይ የቆመው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የአካባቢውን አፈር ይፈትን፣ ውጤቱን ለግንበኛው ያድርስ። የሙያ ማሠልጠኛዎች ምርጊትንና የቀርከሃ ሥራን እንደ ብየዳና እንደ ኤሌክትሪክ ሥራ በክብር ያስተምሩ። ባንኮችም ለዚህ ዓይነቱ ቤት ብድር ይፍቀዱ። ይህ ከሆነ ሽምብጥ ያሉት ተከራዮች ቀን በገዛ ክፍላቸው ያርፋሉ፤ የእንጅባራው ቀርከሃ ሠሪና የምርጥ ምድጃ አምራቿ ደንበኛ ያገኛሉ፤ ከዜጌ የሚመጡት ታንኳዎችም ከእንጨቱ ይልቅ ቡናውን ይጭናሉ።